አራት ጣት ትርፍ

ባሌ ዑመይር አንድ ዕቃ ሊገዛ ሲያስብ፣ አብሮት ለሚኖር ሰው አላህ ሰብሩን ይስጠው። ካልሲ ለመግዛት እንኳ ሦስት ሱቅ ይዞራል፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል፣ ሁለት ሰው ያማክራል፣ ከዚያ ባዶ እጁን ይመለስና "ነገ አያለሁ" ይላል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ካለፈው አረፋ በፊት፣ "የእናቴን አልጋ በገዛ እጄ እሠራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ደህና ማሽን ልምረጥ" ብሎ የተነሳው። እኔ ሰልሚያ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። አማቴ እማ ሳሌሃ፣ ኢድ ባለፈ በሳምንቱ ጓሮ ውስጥ ጭቃ አንሸራቷቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰነጠቀ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ እያየ፣ አጥንቱ እየገጠመ ሲሄድ በከዘራ መቆም እንደሚችሉ ነገረን። "ግን ከፍ ያለ አልጋ ያስፈልጋቸዋል። ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬቱን በደንብ ይርገጥ፣ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ትንሽ ዝቅ ይበል። ያኔ ማንም ሳይደግፋቸው ይነሳሉ" አለ።

የእማ አልጋ መሃሉ የረገበ የሽቦ አልጋ ነው፤ ሲተኙበት ወገባቸው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ለሶላት ውዱእም፣ ለሽንትም፣ ብብታቸው ስር ገብቼ የማነሳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው እንኳ ምንም አይከብዱም፤ እንደ ወፍ ናቸው። የሚከብደው ፊታቸው ነበር። ባነሳኋቸው ቁጥር ያፍሩና ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "ኧረ ቀስ! ኧረ ወገቤን!" እላለሁ። አሁን ሳስበው ራሴን እታዘበዋለሁ።

እማ አምስት ልጆች አሏቸው። ዑመይር ቡታጅራ ቀርቶ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈተ፤ አራቱ መርካቶ ይነግዳሉ። ለአረፋ ግን ማንም አይቀርም፤ የመስቃን ሰው የትም ይዋል የት ለአረፋ አገሩ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ የቆየ ወግ አለ። ከዋናው አረፋ ቀድሞ በሚውለው የሴቶች አረፋ ዕለት ልጆቹ ከነልጆቻቸው ይመጡና ደጃፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ እማ በሩ ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ራስ ይዘው ይመርቃሉ። ያልተመረቀ አይገባም፤ አንድ ዓመት ዝናብ እየወረደ እንኳ ተሰልፈናል።

ዑመይር አንድ ቀን፣ "እማ፣ ዘንድሮ ተኝተሽ ትመርቂያቸዋለሽ፤ ምን ችግር አለው?" ቢላቸው ተቆጡ።

"ተኝቶ የሚመርቅ ሊሞት ያለ ሰው ነው" አሉ። "እሱ ኑዛዜ ነው፤ ምርቃት አይደለም። እኔ ገና አልተናዘዝኩም። ለአረፋ በእግሬ ካልቆምኩ ለልጆቹ ደውልና ቅሩ በላቸው።"

ዑመይር ወጥቶ ደጅ ቆመ። ተከትዬው ስወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አረፋ አርባ ቀን ቀርቶታል።

መቼም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። የሽቦ አልጋውን አራት ብሎኬት ላይ ጫንነው፤ እማ ሲቀመጡበት አንዱ ተንሸራቶ ሊጥላቸው ሲል ዘልዬ ያዝኳቸው። ከዚያ በኋላ ተደራርቦ የተሠራ ነገር ላይ ሕይወታቸውን ቢያጡ እንደማይቀመጡ ማሉ። ሱቅ ያለውን አልጋ ዞረን አየን፤ ሁሉም ዝቅ ያለ ነው። አናጺዎቹ ጋ ሄድን፤ አገሩ ሁሉ ለአረፋ ሶፋና ቡፌ አዟል፣ "ከበዓሉ በኋላ ኑ" አሉን። ዑመይር እንግዲህ ያኔ ነው እኔ እሠራዋለሁ ያለው።

"አንተ?" አልኩት።

"ምን አለበት? አባቴ አናጺ አልነበረም?"

ነበር። አባቱ ሀቢቡ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ የቡታጅራን ግማሽ በርና መስኮት የሠሩ ናቸው። መጋዛቸው እስከዛሬ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ተሰቅሏል። ልጃቸው ግን በልጅነቱ አንዴ ነክቶት እጁን ስለቆረጠው ዳግመኛ አልቀረበውም። "የእጅ መጋዝ የአባቴ ነው፤ እኔ በማሽን ካልሆነ አልችልም" ይላል።

ጥሩ፣ በማሽን ይሁን። የትኛው ማሽን? እዚህ ላይ ነው ጉዱ የጀመረው። ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ስለ ክብ መጋዝ ያወራኛል፣ ምሳ ላይ ስለ ማለስለሻ ማሽን፤ አንዱ ቪዲዮ ላይ የታየው ሰው መጀመሪያ ይህን ግዙ ይላል፣ ሌላው ያን ከገዛችሁ ሞኞች ናችሁ ይላል። ዑመይር ሁለቱንም ያምናል። ደብተር አውጥቶ መስመር አሰመረና የአንዱን ኃይል፣ የሌላውን ክብደት፣ የዚህን ዋስትና እየጻፈ ያወዳድራል። ደብተሩ ሞላ፤ እማ አሁንም የሽቦ አልጋው ላይ ናቸው። እኔ በየቀኑ ቀን እቆጥራለሁ፣ ከኩሽና ሱቅ፣ ከሱቅ ኩሽና እመላለሳለሁ፤ መቀመጫ አጣሁ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ስህተት ሠራ። በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ፣ "ለቤት ዕቃ መሥሪያ የትኛው ማሽን ይሻላል?" ብሎ ጻፈ።

አንቺ ሆይ! ነጋዴ ዘመድ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? የእኛ ሰው ይሄ ይሻላል ብሎ ብቻ አይተውህም፤ ምክር ጠየቀኝ ማለት ቸግሮታል ማለት ነው ብሎ ዕቃውን ይልክልሃል። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ በመጣው ሚኒባስ ታላቅ ወንድሙ ሙሀመድአወል የላከው ካርቶን ደረሰ። ስንከፍተው ድሪል ነው። በማግስቱ ከሌላው ወንድሙ ከሙባሪክ መጣ፤ እሱም ድሪል፣ ያውም ከነቦርሳው። ከዚያ እህቱ ፈቲሀ ላከች፤ ድሪል። የመጨረሻዋ ሰፍያ ደግሞ ደወለችና፣ "ድሪል መቼም አግኝታችኋል፤ እኔ ብሎን ልኬያለሁ" አለች። ብሎኑ አንድ ሳጥን ሙሉ ነው። መጋዝ እንደሆነ ሌላው ይልካል ብለው ሁሉም ተማምነዋል።

ሦስት ድሪል! እንጨት ሳይቆረጥ ምኑን እንብሳ? ግድግዳውን? መመለስም አይቻል፤ የወንድም ስጦታ ይመለሳል? ዑመይር ሦስቱን ደርድሮ ሲያያቸው ቆየና፣ "የሙባሪኩ እጀታው ጥሩ ነው አይደል?" አለኝ። ደሜ ፈላ።

"ዑመይር፣ መጋዝ!" አልኩት። "አረፋ ሃያ አምስት ቀን ቀረው!"

በማግስቱ ወልቂጤ ሄደ። እዚያ ሀብተወልድ የሚባል ወዳጅ አለው፤ የጎንደር ሰው ነው፣ ቴክኒክና ሙያ የእንጨት ሥራ ያስተምራል። በእሱ ታምኜ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ከባጃጅ ሲወርድ እጁን አየሁ። ደብተሩን ብቻ ነው የያዘው።

"መጋዙስ?"

"ሦስት ዓይነት አለ" አለኝ። "ሁሉንም ጽፌ መጥቻለሁ።"

ከዚያ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ጎረቤት ሰምቶታል፣ ይበቃል። በሳምንቱ ለእህቴ ልጅ እማን አደራ ሰጥቼ እኔው ራሴ አብሬው ወልቂጤ ሄድኩ።

ሀብተወልድ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ተቀበለንና ወደ አንድ የማሽን ሱቅ ወሰደን። ሰውዬው ረጋ ያለ ነው፤ እንደ እሱ ዓይነት ሰው ሲያናግረኝ እግሬን ያሳክከኛል። ባለሱቁ መጀመሪያ አንድ ትልቅ የጠረጴዛ መጋዝ አሳየን። ሀብተወልድ ራሱን ነቀነቀና፣ "ይሄ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል፤ እናንተ ቤት ብትሰኩት አይዞርም። ለአንድ አልጋ በእጅ የሚያዘው ክብ መጋዝ ይበቃችኋል" አለ። ከእሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ በገመድ ይሰካል፣ አንዱ በባትሪ ይሠራል።

"ቡታጅራ መብራት ይጠፋል?" አለ ሀብተወልድ።

"አንዳንዴ" አለ ዑመይር።

"እንግዲያው የባትሪውን ውሰዱ።"

ባለሱቁ ግን የባትሪው አልቋል፣ ሐሙስ ይገባል አለ። ዑመይር ወዲያው ደብተሩን አወጣ። "ሐሙስ ብመለስ ምን..." ሲል ከእጁ ላይ ነጠቅሁት።

"ሐሙስ የሚባል ነገር አልሰማም!" አልኩ። "የገመዱን አምጣው። ማለስለሻ ማሽንም ይጨመር። መነጽርም። ይዘን እንሄዳለን።" በአሥር ደቂቃ ጨረስኩ። ኩራቴን ብታዩት! ዑመይር አርባ ገጽ የጻፈበትን እኔ ሻይ ሳይቀርብልኝ ቆረጥኩት። ሀብተወልድ ካርቶኑን ሚኒባሱ ላይ እያስጫነ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እህቴ፣ ማሽን የሚቆርጠው የለካሽለትን ነው። እሱ አይሳሳትም፤ ልኩ ላይ ጊዜ ውሰዱ" አለ። እሺ አልኩት። ልቤ ግን ከወልቂጤ ወጥቶ መንገድ ላይ ያለችውን ጉብሬን አልፏል።

ልኩን የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ዑመይር ሜትሩን ይዞ እናቱ እግር ስር ተንበርክኮ ስድስት ጊዜ ሲለካ፣ ስድስት ጊዜ ሲጽፍ ሳይ አላስቻለኝም፤ ተቀበልኩት። ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው ለካሁ፣ ሐኪሙ ከፍ ይበል ስላለ ትንሽ ጨመርኩ፣ "ሃምሳ! የእግሩ ቁመት ሃምሳ ሳንቲም!" አልኩና ጠራሁለት።

"ፍራሹን ቆጥረሻል?" አለኝ።

"አዎ!" አልኩት።

ወላሂ አልቆጠርኩም። ጥያቄውንም በደንብ አልሰማሁትም። አዎ ያልኩት ሌላ ጥያቄ እንዳያመጣ ነው።

ከዚያማ ጓሮው የሥራ ቦታ ሆነ። ደረቅ የዋንዛ ጣውላ አገኘን። መጋዙ ሲጮህ ዶሮዎቹ ጎረቤት ይገባሉ፣ የእንጨት ብናኝ ልብስ ማስጫው ላይ ያርፋል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዑመይር ሱቁን ትቶ እየሮጠ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር እጁ ያምራል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን የቆረጠው ሁሉ ይገጥማል። እማ በመስኮቱ ድምፁን እየሰሙ፣ "የሀቢቡ መጋዝ እንዲህ አይጮህም ነበር" ይላሉ፤ ደስ እንዳላቸው ግን ያስታውቃሉ። ከዘራቸውን አስመጥተው ትራሳቸው ስር አስቀመጡ።

አልጋው ከአረፋ አራት ቀን ቀደም ብሎ አለቀ። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ጓሮ ቆየ፤ ሽታው ለእማ ስለማይስማማ ሊቀመጡበት የወሰንነው በሴቶች አረፋ ጠዋት ነው። ፈቲሀ አዲስ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ልካለች። ያን ጠዋት አልጋውን አስገባን፣ ፍራሹን አነጠፍን፣ እኔ እማን ብብታቸው ስር ገብቼ አነሳሁና፣ "በቃ፣ ይሄ የመጨረሻችን ነው!" ብዬ እየሳቅሁ ጠርዙ ላይ አስቀመጥኳቸው።

እግራቸው ተንጠለጠለ።

መሬቱ ከጣታቸው ጫፍ አራት ጣት ያህል ይርቃል። እማ ወደ ታች አዩ። እግራቸውን ዘረጉት፣ አልደረሰም። ትንሽ ወደፊት ሊንሸራተቱ ሲሞክሩ ዳሌያቸውን አመማቸውና አንሶላውን ጨመቁት። የዑመይር ስልክ ጮኸ፤ ሙባሪክ ነው። "ጥያን አልፈናል፤ እማ ትቁምልን!" ሲል ድምፁ ክፍሉ ሁሉ ተሰማ። ከኋላው ልጆች ይዘፍናሉ።

ስልኩ ሲዘጋ እማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "መልሰህ ደውልለት" አሉ። "ይመለሱ።"

ዑመይር ወደ እኔ ዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እማ፣ ልጅዎ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ፍራሹን አልቆጠርኩም። ቆጥረሻል ሲለኝ አዎ ብዬ ዋሸሁት። ቸኩዬ ነው።" አለቀስኩ። እኔ በሰው ፊት አላለቅስም፤ ያን ቀን ግን አለቀስኩ።

"ማልቀሱን ተዪውና ማሽኑን አምጪ" አለ ዑመይር። "እግሮቹን እንቆርጣቸዋለን። አንድ ሰዓት አለን።"

ሮጥኩ። አመጣሁ። ሰካሁ። ተጫንኩት። ዝም አለ። ሌላ ሶኬት ሰካሁ፤ ዝም። የክፍሉን አምፖል አበራሁ፤ የለም። ለበዓሉ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሰክቶ መብራቱ ሄዷል። ሐሙስ የሚባል ነገር አልሰማም ያልኩት ትዝ አለኝ፤ እጄ ላይ ያለውን ገመድ አየሁና መሬቱ ቢውጠኝ ተመኘሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ሲሉ እኔን ብለው ነው።

ዑመይር ዕቃ ቤት ገብቶ ትንሽ ዘገየ። ሲወጣ የአባቱን መጋዝ ከነጨርቁ ይዟል። ጨርቁን ሲፈታው እማ ከግድግዳው ዞረው አዩት።

"አትችልበትም" አሉ።

"አሳይኛለሽ" አላቸው። "ስንት ዓመት አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አይተሻል።"

ግን ወዲያው አልቆረጠም። ከሱቁ ያመጣቸውን ደብተሮች አንድ በአንድ እናቱ እግር ስር ይደረድር ጀመር፤ ያን አርባ ገጽ የጻፈበትንም ጨመረው። አንድ ሲያደርግ፣ "ረገጥሽ?" ይላል። "አልረገጥኩም።" ሌላ ይጨምራል። "አሁንስ?" "ጣቴ ብቻ።" ሌላ። በመጨረሻ ተረከዛቸው በደንብ ሲያርፍ የደብተሮቹን ቁመት ለካ። ደግሞ ለካ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊለካ ሲል አፌ ተከፈተ፤ ምላሴን ነከስኩ። ለካ፣ ለካ ዑመይርዬ፣ አሥር ጊዜ ለካ አልኩ በልቤ።

እማን ወንበር ላይ አድርገን አልጋውን በጎኑ አስተኛነው። እኔ እግሩን ያዝኩ፣ እሱ ይቆርጣል። መጀመሪያ መጋዙ እየዘለለ እንጨቱን ቧጨረው። እማ ከወንበራቸው ሆነው፣ "አትጫነው፤ ጥርሱ ራሱ ይበላል። አባትህ ክንዱን በሙሉ ነበር የሚስበው" አሉ። ዑመይር ትከሻውን አላላና ክንዱን በሙሉ ሳበ። ድምፁ ተለወጠ። እማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሦስተኛው እግር ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ቡታጅራ ገብተዋል። ዑመይር አልፈጠነም። ላቡ ይንጠባጠባል፣ ክንዱን ግን በዚያው ልክ ይስባል። የእኔ ጆሮ የመኪና ድምፅ ይፈልጋል። አራተኛው ቁራጭ ወለሉ ላይ ሲወድቅ የጥሩምባ ድምፅ ሰማን። አልጋውን አቆምነው። በእጄ ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

እማን አስቀመጥናቸው። እግራቸው መሬቱን ረገጠ። ላነሳቸው ጎንበስ ስል በከዘራቸው ገፋ አደረጉኝ። እጃቸውን ጠርዙ ላይ ተጫኑ፣ "ቢስሚላህ" አሉና ብድግ አሉ። ብቻቸውን! ዑመይር መጋዙን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በሩ ጋ እስኪደርሱ ኋላ ኋላቸው ሄድኩ፤ ሳልነካቸው። ደጅ ላይ ሁሉም በየዕድሜያቸው ተሰልፈዋል፤ ሙሀመድአወል ከፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። እኔ እንደ ልማዴ በጓሮ ዞሬ መጨረሻ ላይ ልሰለፍ ስል እማ ጠሩኝ።

"ሰልሚያ፣ የት ትሄጃለሽ? ነይ፤ መጀመሪያ አንቺ።"

ሙሀመድአወል ዞር አለልኝ። ቀርቤ ጎንበስ አልኩ። የእማ እጅ ራሴ ላይ አረፈ፤ እጃቸው የእንጨት ብናኝ አለበት።

"ያነሳሽኝ እጅሽ አይውደቅ" አሉ። "የተሸከመኝ ወገብሽ አይጉበጥ። አፍሽን ደግሞ አላህ ያሳርፍልኝ።"

ሰልፉ በሙሉ "አሚን!" አለና ሳቀ። እኔም አሚን አልኩ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

አራቱን ቁራጮች አልጣልኳቸውም፤ መስኮቱ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። አሁን ዑመይር ለእማ ቁም ሳጥን ሊሠራ ደብተር ገዝቷል። "የባትሪውን መጋዝ ልግዛ ወይስ..." ብሎ ሲጀምር አፌ ይከፈታል። እሱ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ያያል። እኔ አፌን እዘጋለሁ።